አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በቤታቸውና በሰፈራቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ወላጆች፣ ጎረቤቶች፣ መምህራንና የዕድር ዳኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

የልጅ «ተሳትፎ» ሲባል ምን ማለት ነው? ትምህርት ቤት መግባት ነው?

ትምህርት ቤት መግባት አንዱ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጤናና የአካል ጉዳት ምደባ ውስጥ ተሳትፎ የሚለካው ሰው በዕለት ኑሮው ውስጥ ባለው ድርሻ ነው። ለአንድ ልጅ ይህ ማለት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ መቁረስ፣ ቡና ሲፈላ ከሰው መሐል መቀመጥ፣ ሱቅ ተልኮ መልስ ቆጥሮ መመለስ፣ ለጥምቀት አዲስ ልብስ ለብሶ ታቦት መሸኘት ወይም ለዒድ ከአባቱ ጋር ሜዳ መውጣት፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ተጣልቶ መታረቅ ማለት ነው።

መገኘት ብቻውን ተሳትፎ አይባልም። ድግስ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳያነጋግረው የዋለ ልጅ ተገኝቷል እንጂ አልተሳተፈም። እጁ እንደልቡ የማይታዘዝለት፣ ግን የፈንድሻው ሳህን ጭኑ ላይ ተቀምጦ እንግዳው ሁሉ ከእሱ እየዘገነና ስሙን እየጠራ የሚያልፍ ልጅ ግን ተሳትፏል።

ልጄ «አካል ጉዳት አለበት» የሚባለው መቼ ነው?

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የሚመለከተው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአካል፣ የአእምሮ፣ የማሰብ ችሎታ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ያለባቸውንና ይህም ከአካባቢያቸው መሰናክል ጋር ተደርቦ ከሌሎች እኩል እንዳይሳተፉ የሚያግዳቸውን ሰዎች ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በቀላሉ መጠየቅ ይቻላል፦ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር በማየት፣ በመስማት፣ በመራመድ፣ በመናገር፣ የተነገረውን በመረዳት ወይም በመማር ጉልህ ችግር አለበትን? መልሱ «አዎ» ከሆነ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ዩኒሴፍ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች አሉ፤ ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት ጉድ አይደለም።

ቤተሰቦች ልጃቸውን ለምን ይደብቃሉ?

«ደበቁት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። መራመድ የማይችል ልጅ ያላትን አንዲት እናት እናስብ። ልጁ ሕፃን ሳለ በአንቀልባ ታዝሎ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶ ቤትም ይሄድ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስምንት ዓመት ሞልቶት ከ20 ኪሎ ሲያልፍ ግን ጀርባዋ እምቢ አለ። ለባጃጅ ኮንትራት በየጊዜው የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ቢገኝም ባጃጁ ክረምት ሲገባ ከዋናው መንገድ አልፎ ወደ ቤታቸው አይመጣም። ተሽከርካሪ ወንበር የሰጣቸው ድርጅት ቢኖር እንኳ ወንበሩ በደጃፉ ኮረኮንች ላይ አይነዳም። ጎረቤት የሚያየው ልጁ ከመውጣት መቅረቱን ነው፤ ስለዚህ «አፍራበት ቤት ዘጋችበት» ይላል። ልጁን ቤት ያስቀረው ግን ክብደቱ ነው።

ይህ ሲባል ሐፍረት የለም ለማለት አይደለም። በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች የእድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች ያመጡ 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ወደ 45 ከመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንድ ያህሉ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ልብ ሊባል የሚገባው የመገለሉ ስሜት ከአሳዳጊው የትምህርት ደረጃ ጋር ያልተያያዘ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ዲግሪ ያላቸውም ያፍራሉ። እነዚሁ አሳዳጊዎች ምን እንደጎደላቸው ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስት ያህሉ በቅድሚያ የጠቀሱት ለልጃቸው የትምህርት ዕድል ነው፤ ይህ ልጁን ጨርሶ መሰወር የሚፈልግ ሰው መልስ አይመስልም።

ስለዚህ ከደጅ ቆሞ «ለምን ደበቃችሁት?» ከማለት ይልቅ «ማን ያዝለዋል? ማን ይቀርለታል? በምን ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ከላይ የተጠቀሰው ስምምነት አንቀጽ 23 ልጅን መደበቅን፣ መጣልንና ማግለልን ለመከላከል ሲል ግዴታውን የጫነው በመንግሥት ላይ ነው፤ ለልጁና ለቤተሰቡ መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ በጊዜ ማቅረብ አለበት። ወቀሳው በእናቲቱ ላይ ብቻ ሲወርድ ይህ አንቀጽ ይረሳል።

ልጄ እንዲህ የሆነው በእኔ ጥፋት ወይም በእርግማን ነውን?

አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት 40 ከመቶ ያህሉ አሳዳጊዎች መንፈስን፣ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ኃጢአትን በምክንያትነት አንሥተዋል፤ በርካቶች ይህንኑ የሚሉት የወሊድ ችግርን ጭምር ጠቅሰው ነው። እንቅስቃሴንና አቋምን የሚያዛባው ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው፤ ያለጊዜው መወለድ፣ በአስቸጋሪ ምጥ ወቅት የአየር እጥረት፣ ሳይታከም የቆየ የአራስ ልጅ ከባድ ቢጫነትና ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ይቆጠራሉ። ዳውን ሲንድረም የሚከሰተው 21ኛው ክሮሞሶም አንድ ትርፍ ሲኖረው ነው። የሕፃን አከርካሪ ክፍት ሆኖ መወለድ ከፎሊክ አሲድ እጥረት ጋር ግንኙነት ስላለው፣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ ይመከራል። ኦቲዝም በእናት ፍቅር ማነስም ሆነ በክትባት አይመጣም።

በሃይማኖት በኩል ለሚጠይቁም መልሱ ከተጻፈ ቆይቷል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ፣ መልሱ እሱም ወላጆቹም አይደሉም የሚል ነበር።

ጸበል እናስቀድም ወይስ ሐኪም ቤት?

ሁለቱን ማፎካከር አያስፈልግም። ቤተሰቡ በእምነቱ የሚጽናናበት ነገር ለልጁም ለወላጁም ጉልበት ይሰጣል፤ ጸበል ቦታ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ እንግዳ ነገር ሆኖ የማይታይበት፣ እናቶች ተገናኝተው የሚወያዩበት ሥፍራ መሆኑም አይካድም። ሁለት ነገሮች ላይ ግን ድርድር የለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተደጋጋሚና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይቆምም። እንዲሁም ጊዜ የማይሰጡ ሕክምናዎች አሉ፦ ለምሳሌ ተቆልምሞ የተወለደ እግር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተከታታይ ጄሶ ቢጀመርለት ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የመስተካከል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ዓመታት ካለፉ ግን ይከብዳል።

በቤት ውስጥ ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል?

አብዛኛውን ጊዜ በእናት፣ ቀጥሎም በታላቅ ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። መዋጥ የሚያስቸግረውን ልጅ አንድ ጊዜ ማብላት ብቻ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሲሆን፣ ማጠብ፣ ማገላበጥና ልብስ መቀየር ሲጨመርበት የቀኑ ብርሃን ያልቃል። ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ ወይም የቀን ሥራ ሠርታ የምትኖር ሴት ይህን ሁሉ አድርጋ ሥራ መውጣት አትችልም። ስለዚህ የልጁ ጉዳት በቀጥታ የቤቱ ገቢ ጉዳይ ይሆናል፤ ወጪው ሲጨምር ገቢው ይቀንሳል። ባል ጥሎ የሄደበት ቤት ብዙ ነው። ያልሄዱትን አባቶች ግን አለመቁጠር ግፍ ነው፤ ቀን ሠርተው ማታ ልጁን በየተራ የሚያገላብጡ አሉ፣ ማንም «እንዴት አደርክ?» አይላቸውም።

ታላቅ እህት ትምህርት ቤት ቀርታ እንድትይዘው መደረጉ ለአንድ ሳምንት መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ ዓመት ሲሆን ግን ቤቱ ሁለት ልጅ ከትምህርት ውጭ አደረገ ማለት ነው። ወንዶቹም እንዲያበሉ፣ እንዲያጥቡና እንዲያንቀሳቅሱ ማለማመድ ይገባል፤ ይህ የሴት ሥራ ነው የሚል ሕግ የለም። ተቀጣሪ ወላጅ ደግሞ ማወቅ ያለበት፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለየት ያለና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን ነው፤ በዓመት ከ2 ጊዜ አይበልጥም። ሥር የሰደደ እንክብካቤ ለሚጠይቅ ልጅ ይህ በቂ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም።

በቤት ውስጥ ከየት እንጀምር?

ከአቀማመጥ እንጀምር። በጀርባው ተኝቶ የሚውል ልጅ የሚያየው ጣሪያውን ነው፤ ቀና ብሎ የተቀመጠ ልጅ ግን ሰው ያያል፣ ሰውም ያየዋል። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ከግድግዳ ጥግ አስጠግቶ ግራና ቀኙን በተጠቀለለ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መደገፍ ለትንሽ ልጅ መቀመጫ ሊሆነው ይችላል፤ ተለቅ ላለው የሰፈር አናጺ ከፊት ማገጃ ያለው ወንበር ሊሠራለት ይችላል። ምግብም ተኝቶ ሳይሆን ቀና ብሎ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ቢሰጠው ትንታው ይቀንሳል።

ከዚያ ሥራ ስጡት። ምስር መልቀም፣ በቆሎ መፈልፈል፣ ከሁለት ሸሚዝ አንዱን በዓይኑም ቢሆን መምረጥ፣ ለእንግዳ ስኒ ማቀበል። ሥራው ቢጓተትም ቢበላሽም የእሱ ይሁን፤ ታናሹ ሮጦ ሲጨርስለት ዝም አትበሉ። መናገር የማይችል ልጅም «አዎ» እና «አይ» የሚልበት አንድ ቋሚ ምልክት ይኑረው፤ ምልክቱንም የቤቱ ሰው ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ይወቀው።

የሰፈር ልጆች አያጫውቱትም፤ ምን እናድርግ?

ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ቀላል ናቸው፤ ያልተረዱትን ይጠይቃሉ፣ ከተረዱ ይለምዳሉ። «እግሩ ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ ጆሯቸውን መቆንጠጥ ሳይሆን «ሲወለድ አንጎሉ ተጎድቶ ነው፤ አይጋባም፣ አያመውም፣ ኳስ ግን ይወዳል» ብሎ መመለስ ይሻላል። «ይጋባል» የሚለው ፍርሃት ከልጆቹ ይልቅ የእናቶቻቸው በመሆኑ፣ ያንን መልስ ለእናቶቹም በቡና ሰዓት መንገር ያስፈልጋል።

ጨዋታውን ማስማማት ደግሞ የልጆች ሙያ ነው። ኳሱን ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ማሰር ድምፁን ስለሚያንኮሻኩሸው ማየት የተሳነው ልጅ በጆሮው ይከተለዋል። በክራንች የሚሄድ ልጅ በረኛ ወይም ዳኛ ይሆናል። ብይ፣ ቆርኪና ገበጣ ተቀምጦ መጫወትን ስለሚፈቅዱ ለብዙዎች ይመቻሉ። መስማት የተሳናት ልጅ ሰኞ ማክሰኞ ለመዝለል የሚጎድላት ነገር የለም፤ ተራዋ መሆኑን ትከሻዋን ነካ አድርጎ የሚነግራት ብቻ ትፈልጋለች። በነገራችን ላይ በአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 እነዚህ ልጆች በጨዋታና በስፖርት እኩል የመሳተፍ መብት እንዳላቸው በግልጽ ሰፍሯል፤ ጨዋታ የተረፈ ጊዜ ጉዳይ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ «እኛ አንችለውም» ብሎ ቢመልሰንስ?

በስምምነቱ አንቀጽ 24 መሠረት ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላዩ የትምህርት ሥርዓት ሊገለል አይገባም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። ስለዚህ የቃል መልስ ይዛችሁ አትመለሱ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ትምህርት ቤት በአቅራቢያ መኖሩንም እዚያው ጠይቁ። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ያለ ረዳት መምህር ያስጨንቀዋል። ስትሄዱ ልጁ የሚችለውን ነገር፣ ሽንት ቤት ሲፈልግ ምን እንደሚያደርግ፣ የት ቢቀመጥ እንደሚሻለው የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱ ንግግሩ ይቀየራል። ደረጃው ችግር ከሆነም፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ማዘዙን መጥቀስ ይቻላል።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ ለየት ይላል። አንድ ልጅ ብቻውን ምልክት ቋንቋ በማይታወቅበት ክፍል ቢቀመጥ መገኘት እንጂ መማር አይሆንለትም፤ ቋንቋው እኩዮችንና አዋቂዎችን ይፈልጋል። በዚህ ረገድ በሆሳዕና ያለው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትና በአዲስ አበባ ያለው አልፋ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን አገልግለዋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ወላጆቹ ራሳቸው ምልክቱን ካልተማሩ ግን ልጁ ለዕረፍት ቤቱ ሲመጣ እንግዳ ይሆናል።

ማየት የተሳናቸውን በሚመለከት የትነበርሽ ንጉሤን ታሪክ ማንሣት ይቻላል። በደቡብ ወሎ ተወልዳ በ5 ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችው የትነበርሽ በሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆናለች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። እሷ ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው ማየት መሳኗ በአካባቢዋ ከተለመደው ያለዕድሜ ጋብቻ አስመልጧታል። ታሪኩ የሚያኮራ ነው፤ ግን የ5 ዓመት ልጅ ለመማር ከወሎ ሻሸመኔ መሄድ እንዳለባትም ይናገራል።

ዕድራችን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ወይም መስጊዳችን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ዕድር የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ቤቶቹን ሁሉ ያውቃል። አንድ በቀላሉ የማይታይ ነገር ላንሣ። በብዙ ዕድሮች ደንብ መሠረት ቀብር ያልወጣ ወይም ለቅሶ ያልዋለ አባል ይቀጣል። ልጇን ጥላ መሄድ የማትችል እናት በየጊዜው ትቀጣለች፤ ቅጣቱ ሲጠራቀም ዕድሩን ትተዋለች፤ ዕድሩን ስትተው ከሰፈሩ ትወጣለች፤ ልጇም አብሯት ይወጣል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው በጠቅላላ ጉባኤ የሚያዝ አንድ አንቀጽ ነው፦ እንዲህ ያለች አባል ከቅጣት ነጻ ትሁን፣ ወይም ለቅሶ ላይ በምትውልበት ጊዜ ከአባላት አንዷ ከልጁ ጋር ትዋል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል፤ እናቲቱ ከሰው ጋር ትውላለችና።

በቤተ ክርስቲያን በኩል፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ያ ሰው ስለ ሕመሙ ከማማረር ይልቅ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው «ሰው የለኝም» ነበር ያለው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ የሚያዝሉ ሁለት ወጣቶችን በየእሑዱ ቢመድብ ስብከቱ ደጅ ድረስ ይደርሳል። በድጓና በቅኔ ቤት ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በቃል አጥንተው በቃል ሲያስተምሩ መኖራቸውን የሚያውቅ ቤት ለዚህ እንግዳ አይደለም። ለመስጊድ ደግሞ፣ ነቢዩ ከታላላቆች ጋር ሲነጋገሩ ሊጠይቃቸው ከመጣው ዓይነ ስውር ፊታቸውን በማዞራቸው የወረደችው «ዐበሰ» የተባለችው ሱራ በቂ ማስታወሻ ናት፤ የውዱ ቦታውን ዝቅ ማድረግና መግቢያው ላይ ዳገታማ መረማመጃ መሥራት ከዚያ ይከተላል።

ድጋፍ የት እናገኛለን?

መነሻው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። በሴፍቲኔት መርሐ ግብር በታቀፈ ወረዳ የምትኖሩና ሠርቶ የሚገባ ሰው የሌላችሁ ከሆነ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚባለውን፣ ያለ ሥራ ግዴታ የሚሰጠውን እርዳታ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆንም ሐኪም ቤት መመላለስን ያቀላል።

ለአካላዊ ተሐድሶ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው ቼሻየር ኢትዮጵያ፣ ለአጥንትና ለእግር ሕክምና በአዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይታወቃሉ። ለኦቲዝም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ጆይ ማዕከል፣ እንዲሁም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል አሉ፤ በዳውን ሲንድረም ላይ ዲቦራ ፋውንዴሽን ይሠራል። እነዚህ በብዛት አዲስ አበባ ያሉ ናቸው፤ የተጠባባቂዎቻቸው ዝርዝርም ረጅም ነው። ክፍለ ሀገር ያለ ወላጅ ሦስት አራት ሆኖ በየተራ ልጅ መጠበቅ ቢጀምር ከብዙ ደብዳቤ ቀድሞ ይጠቅመዋል።

ብቻውን ሲቀር እንዳይጎዳ ብናስረው ወይም ብንቆልፍበትስ?

ይህን የሚጠይቁ ወላጆች ጨካኞች አይደሉም፤ ልጁ መንገድ ላይ ሮጦ መኪና እንዳይገጨው የፈሩ፣ ሥራ ካልሄዱ ራት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ማሰር ጉዳት ነው። የታሰረ እጅና እግር ይቆስላል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ልጁ የተቆለፈበት ቤት እሳት ቢነሣበት መውጫ የለውም። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 576 በአደራው ያለን ልጅ የሚያንገላታን ወይም ቸል የሚልን ሰው ይቀጣል።

ከዚያ ይልቅ የግቢውን በር ከፍ አድርጎ መሸንጎር፣ ምድጃና ስለት ከመድረሻው ማራቅ፣ ስልክ ቁጥር በልብሱ ውስጥ መስፋት፣ ለጠፋ ጊዜ የሚያውቁትን የባጃጅ ሾፌሮችና ባለሱቆች አስቀድሞ መንገር ይቻላል። ሰፈሩ የሚያውቀው ልጅ ቢጠፋ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል፤ ማንም አይቶት የማያውቀው ልጅ ግን ቢታይም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ልጃችን እያደገች ነው፤ ከቤት ብትወጣ ጥቃት ይደርስባታል ብለን እንፈራለን።

ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ቤት መዝጋት አይደለም። በልጆች ላይ ጥቃት የሚፈጽመው በብዛት የሚያውቁት ሰው ነው፤ ብቻዋን የምትውል፣ ለማን እንደምትናገር የማታውቅ ልጅ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰው ትመቻለች። የሰውነቷን ክፍሎች በስማቸው አስተምሯት፤ ማን ሊያጥባት እንደሚችልና ማን እንደማይችል፣ «እምቢ» ማለትን፣ የምትነግራቸው ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ታውቅ። የወር አበባን አስቀድሞ በሥዕልም በተግባርም ማሳየት ያስፈልጋል፤ ደም ስታይ የምትደነግጥ ልጅ ማንም ያላዘጋጃት ናት።

ጥቃት ከደረሰ ገላዋም ልብሷም ሳይታጠብ፣ በተቻለ ፍጥነትና ከ72 ሰዓት በፊት ሆስፒታል ትድረስ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ያገናኘ ማዕከል አለው። በሽማግሌ እንጨርሰው የሚል ቢመጣ አትቀበሉ።

ውጭ አገር ነን፤ ልጃችን ኦቲዝም ስላለበት አማርኛ አቁሙ ተባልን። እውነት ነው?

ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲዝም ምልክቶችን እንደሚያባብስ ወይም ንግግርን እንደሚያዘገይ ጥናቶች አላሳዩም። አያቱ፣ አክስቱና የሰንበት ጉባኤው በአማርኛ የሚነጋገሩ ከሆነ ቋንቋውን መንፈግ ልጁን ከእነሱ መለየት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ከ3 እስከ 21 ዓመት ላለ ልጅ በነጻ የሚዘጋጀው የግል የትምህርት ዕቅድ፣ በልማዱ «አይኢፒ» የሚባለው፣ ሲወሰን አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ትልቅ ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትቀመጡ።

እኛ ስንሞት ማን ያየዋል?

በሕግ በኩል፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዘግይቶ የሚሞተው ወላጅ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጁ በኑዛዜ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሾም ይፈቅዳል። ልጁ 18 ካለፈው ግን ወላጅነት ብቻውን ስለእሱ ለመፈረም አያበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለው መንገድ በፍርድ ቤት «በፍርድ የተከለከለ» ማስባል ነው። ይህ የሰውን የመወሰን መብት ጠቅልሎ የሚወስድ በመሆኑ ከአካል ጉዳተኞች ስምምነት አንቀጽ 12 ጋር ይጋጫል የሚል ብርቱ ክርክር አለ፤ ስለዚህ ንብረት ወይም ጡረታ ነክ ጉዳይ ካላስገደደ በቀር አትቸኩሉበት፣ ጠበቃ አማክሩ። እህቱን ወይም ወንድሙን ሳይጠይቁ «አንተ ትወስደዋለህ» ብሎ መናዘዝም ቂም ያተርፋል፤ ንግግሩ ሁሉም በሕይወት ሳለ፣ ልጁም ባለበት ይሁን።

ከኑዛዜው ጎን አንድ ደብተር ይቀመጥ። መድኃኒቱ ምን ያህልና በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ጎኑ ሲተኛ እንደማያመው፣ የሚፈራው ድምፅ፣ የሚወደው መዝሙር፣ በሰፈሩ የሚያውቁት ሰዎች ስም ይጻፍበት፤ በየዓመቱም ይታደስ። «ሻይ ሲፈልግ ግራ እጁን ያነሣል» የምትለው መስመር ሳትቀር።